የደኑ ዳር ሣር

አንድ ጊዜ በአንድ ጥቅጥቅ ደን ዳር ከመንጋዋ ጋር የምትኖር አህያ ነበረች። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ እሷና መንጋዋ የደኑን ዙሪያ ግጠው ግጠው መላጣ ያደርጉታል። በዚያም ሆዳቸው ይሞላል፤ የበጋው ሰደድ እሳትም ሲመጣ የሚበላው አጥቶ እዚያው ይከስማል። ውኃቸውንም ከደኑ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ይጠጣሉ።

የደኑ ንጉሥ አንበሳ ግን አንድ ቀን «የእኔን ደን አህያ ሁሉ ይጋጠው?» ብሎ ተቆጣ። ማንም አንዲት ሰበዝ እንዳይነካ አዋጅ አስነገረ፤ ጅብንም ዘብ አድርጎ ሾመ። ለጅብ ሥጋ አደራ የሚሉት ይህን ነው።

አህያዋ አንበሳውን ልትለምን ሄደች። «ጌታዬ፣ ሣሩ ካልተጋጠ በበጋ ለእሳት ማገዶ ይሆናል» አለችው።

«አንቺ የምታወሪው ስለ ሆድሽ ነው» አላት።

እውነቱን ነው፣ ስለ ሆዷም ነበር፤ ስለ ሆዷ ብቻ ግን አልነበረም። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ቀበሮ ይህን ሰምታ ወደ ጅብ ጠጋ አለች። «አያ ጅቦ፣ ሣሩን አደራ! ሲረዝምልህ ውስጡ ትደበቃለህ። አህዮቹ ውኃ ሊጠጡ ሲመጡ ዘለህ ጉብ ትልባቸዋለህ። እኔ አጥንቱ ይበቃኛል።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ሣሩን ቀን ከሌት ጠበቀ፤ ሣሩም ከጅቡ ቁመት በላይ አድጎ ደረቀ። ውኃ ሊጠጡ የወረዱ ሁለት አህዮች የጅብ ሲሳይ ሆነው እዚያው ቀሩ፤ አንዷ የአህያዋ እህት ነበረች።

በየካቲት ከቆላው ሰደድ እሳት ተነሣ። ዘቡ ጅብ ነበልባሉን እንዳየ ፈረጠጠ፤ ቀበሮማ ገና ጢሱ ሲሸታት ሄዳለች። መንጋው ከጉብታ ላይ ሆኖ ያያል።

«የራሱ ደን አይደል? ይንደድለት!» አለ አንድ ሽማግሌ አህያ። «አባቶቻችንስ ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› ብለው የለም?»

አህያዋ እንባዋ መጣ። «ከእናንተ ይልቅ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት» አለች። «ግን ደኑ ከነደደ ምንጩ ይደርቃል። አንበሳው ሌላ አገር ይሄዳል፤ እኛ ወዴት እንሄዳለን? ተነሡ!»

ወረዱ። እሳቱ ሳይደርስ ሣሩን እየነጩ፣ በኮቴያቸው እየረገጡ አፈር አለበሱት። አንበሳም ጎፈሩ እየተለበለበ ከጎናቸው መሬቱን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር። የደኑ እኩሌታ ነደደ፤ እኩሌታውና ምንጩ ተረፉ።

አንበሳ አመድ ለብሶ «ምን ልሸልምሽ?» አላት።

«ሽልማት አልፈልግም፣ ጌታዬ። የሰጠ እጅ ነገ ይነሣል። ይልቅ ሕጉን አብረን እናውጣው። ዳሩን እኛ እንጋጥ፣ እኛው እንጠብቀው፤ መሐሉን እርስዎ ይጠብቁ። ስናጠፋ ይቅጡን፤ ሲያጠፉ ደግሞ ይስሙን።»

አንበሳን በዘመኑ እንዲህ ብሎ የተናገረው አልነበረም። ሆኖም «ጅብንስ ማን ይሻረው?» ሲል ጠየቃት።

«አብረን» አለች።

ከዚህ የምንማረው ደንን ከልቡ የሚጠብቅ ከደኑ የሚጠቀምና ስለ ደኑ ሲናገር ቃሉ የሚሰማለት መሆኑን ነው።