ጋሽ ዱባለ የቀየሩት አክስል

አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ብረት ሠራተኛ በድሬዳዋ ይኖሩ ነበር። ስማቸው ጋሽ ዱባለ ነው። ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ አብራቸው ያረጀች ቀይ መኪና ነበረቻቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ወዲህ ከቤት መውጣት የሚወዱት በዚያች መኪና ብቻ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የት እንደደረሱ ያውቃሉ።

ታዲያ አንድ ቀን የመኪናዋ የኋላ አክስል፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት፣ ዳገቱ ላይ አንድ ኩርባ ጋ ተሰበረ። ጋሽ ዱባለ ጠገኑት፤ በዓመቱ እዚያው ኩርባ ላይ ደግሞ ተሰበረ። የዚያ ዓይነት አክስል መሠራት ካቆመ ቆይቷል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ቆመች። ወይዘሮ የሺመቤትም ቤት ዋሉ።

ጋሽ ዱባለ አባል የሆኑበት የከተማው የጥንት መኪኖች ማኅበር ሊቀመንበር ይህን ሰምተው መጡ።

"ጋሽ ዱባለ፣ እንዳይነኳት" አሉ። "እንዳለች አዳራሻችን ውስጥ እናቆማታለን። ስምዎም ይጻፍባታል።"

"ባለቤቴንስ የት ታቆሙልኛላችሁ?" አሉ ጋሽ ዱባለ።



ጋሽ ዱባለ ከኋለኛ ዘመን ፒክአፕ ላይ የወለቀ ጠንካራ አክስል አገኙ። ከአሮጌው በአራት ጣት ይሰፋ ነበር። ግራና ቀኙን ቆርጠው በየዱት፤ ውስጡ ያሉትን ዘንጎች በቶርኖ ማሽን አሳጠሩ፤ መኪናዋን የሚሸከመው ባሌስትራ የሚያርፍበትንም ቦታ እንደ አዲስ ሠሩ። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ሁለት ጊዜ ፈቱት። ሦስት ወር ፈጀባቸው።

የማኅበሩ ዓመታዊ ሰልፍ ቀን ባለቤታቸውን አሳፍረው መጡ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ።

"ይህ አክስል የዚህች መኪና አይደለም!"

"አሁን የእርሷ ነው።"

"መኪናዋን እኮ አበላሿት! አሮጌውን ካልመለሱ ከማኅበሩ እንሰርዝዎታለን።"

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ጋሽ ዱባለ የማኅበሩን ምልክት ከመስታወቱ ላይ ልጠው ሰጧቸው።

"እናንተ መኪና ጠብቁ" አሉ። "እኔ ሰው አሳፍሬያለሁ፤ ልሂድበት።"

ዳገቱን ጀመሩት። ወይዘሮ የሺመቤት በሩን ጨበጡ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ከበደ።

"እዚህ ጋ ነው አይደል?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

"እዚህ ጋ ነበር" አሉ ጋሽ ዱባለ፣ ማርሽ እየቀየሩ። መኪናዋ ኩርባውን አልፋ ወጣች። ወይዘሮ የሺመቤት ሻሻቸውን ፈትተው ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጡ፤ ሐረር እስኪደርሱ ሳቃቸው አልቆመም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማኅበሩ ደብዳቤ ላከ። ጋሽ ዱባለ ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ቢጠይቁ ወደ አባልነታቸው ይመለሳሉ ይላል። እርሳቸውም በደብዳቤው ጀርባ እንዲህ ጽፈው መለሱት፦ "ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረር ነን። የሚፈልገን ዳገቱ ላይ ይጠብቀን።"

ከቀድሞ ዘመን የደረሰንን ነገር ማክበር ማለት እንዳይነካ ብሎ ማቆም አይደለም። ለተሠራበት ሥራ እንዲበቃ የጎደለውን መሙላት ነው፤ ከሳሽ ቢበዛም። በእርስዎ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት "አይነካም" ስለተባለ ብቻ ቆሞ የቀረ ምን አለ? እርሱን የሚፈልገው ሰውስ ማን ነው?