ቀዩን ክብ ንኩ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ደራሽ ውኃ በሚያጥለቀልቀው የወንዝ ዳር መስክ፣ አንበሳ ደግ ሕግ አወጣ። ዓይኑ የማያይ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ እግሩ የማይታዘዝለት ሁሉ ውኃው ሲመጣ ጎሾች አዝለው ኮረብታው ላይ ያውጡት አለ። ዓይነ ስውሯ አህያ ቡሊት በዚህ ሕግ ስንት ክረምት ተሻግራለች። ታናፋለች፣ ጎሹ ይመጣል፣ አበቃ።

ደግ ሕግ ብልጥ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን እዩልኝ።

«ጌታዬ፣ ጩኸት እኮ ኋላ ቀርነት ነው» አለ ቀበሮ አንድ ቀን። ከሰው ከተማ ዲጂታል መጥሪያ አምጥቶ ኩይሳ ላይ ተከለ። ፊቱ ለስላሳ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ክብ ይበራል። ቀዩን ሲነኩት ጎሹ አንገት ላይ የታሰረው ቃጭል ይጮኻል። ሌላውን የነካ ግን ተሳስቷልና፣ ስህተቱ ሲደጋገም መጥሪያው ይቆለፋል። ቀበሮ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ቀዩን ነካ። ቃጭሉ ጮኸ። አንበሳ ደስ አለው።

«ከእንግዲህ ቃጭሉ ሳይጮህ አንድም ጎሽ እንዳይነቃነቅ!»

ቡሊት አንገቷን አሰገገች። «አያ ቀበሮ፣ ቀዩ የት ጋ ነው?»

«ቢጫው አጠገብ ነዋ!»

«ቢጫውስ?»

ሁሉም ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ቡሊት። እስቲ ቀርበሽ ሞክሪው ያላት የለም።

ጎርፉ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት መጣ። እግር ያለው በእግሩ፣ ክንፍ ያለው በክንፉ አመለጠ። ቡሊት በዳሰሳ ኩይሳው ጋ ደረሰች። በአፍንጫዋ መስታወቱን ዳበሰችው፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ለስላሳ ነው። አንዱን ጫን አለችው። ምንም የለም። ልድገመው ወይስ ይቆለፍብኛል? ውኃው ሰኮናዋን አልፎ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ጨነቃት፤ የቀራትን ጉልበት ሁሉ አሰባስባ አናፋች።

ኮረብታው ላይ የቆመው ጎሽ ሰማት። ለመውረድ ቃጣው። ቃጭሉ ግን ዝም ብሏል፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ተመልሶ ቆመ።

የሰማት ሌላም ነበር።

«እመት ቡሊት፣ ምነው ብቻሽን?» አለ ጅብ ከጥሻው ብቅ ብሎ። «እኔ ላንብብልሽ። ወደዚህ ወደ ጥሻው ውረጂ ይላል።»

ትንፋሹ የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል። ከኋላዋ ጎርፍ፣ ከፊቷ ጅብ! ቢሆንም ድምፅዋን አረጋጋች።

«አያ ጅቦ፣ እኔማ አጥንት ነኝ፤ ምን ሥጋ አለኝ? ቀዩን ክብ ብትነካው ግን ከእኔ የሰቡት ይመጡልሃል።»

የጅብ ለሃጭ ተዝረበረበ። «ብዙ ናቸው?»

«አንዱ ብቻ ለሳምንት ይበቃሃል።»

«ቀዩ ይሄ ደም የሚመስለው ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዓይን ያለህ አንተ!»

ጅብ በአፍንጫው ገጨው። ለጊዜው ማንም ብቅ አላለም። ውኃው ጉልበቷ ደረሰ። «የታሉ? ዋሸሽኝ እንዴ?» ብሎ ወደ አንገቷ ተጠጋ። የጥርሱን መንቀጫቀጭ ሰማችው። ይኼኔ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«መጡ! እርምጃቸው ራሱ እንዴት ይከብዳል!» ብሎ ጅብ ዞር እንኳ ብሎ ሳያይ አፉን ከፍቶ ዘለለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? የጎሹን ቀንድ ነክሶ፣ ጥርሱን አራግፎ፣ እያላዘነ ጠፋ። ቡሊት ጎሹ ጀርባ ላይ ወጣች።

ኮረብታው ላይ ቀበሮ እየተንጎራደደ ጠበቃቸው። «ይኸው ጌታዬ፣ መጥሪያው ሠራ! ቡሊት ዳነች!»

«ሠርቷል» አለች ቡሊት፣ ከጎሹ ጀርባ እየወረደች። «የጠራልኝ ግን ሊበላኝ የመጣው ጅብ ነው። ጌታዬ፣ በክረምት ለመዳን የግድ ጅብ ይኑረኝ?»

ጎሹ አንገቱን ደፋ። «ስታናፋ ሰምቼ ነበር» አለ። አፈረ፤ ማፈርም ይገባው ነበር።

አንበሳም የቀበሮን ዓይን በሐረግ አስጠምጥሞ፣ ውኃው ወደሚሞላው ኩይሳ አስወረደው። «በል፣ ጥራ።»

ቀበሮ ዳበሰ። ቢጫውን ነካ። አረንጓዴውን ነካ። ደግሞ ቢጫውን ነካ። መጥሪያው ተቆለፈ። ውኃው ሆዱን፣ ከዚያ ደረቱን ሲነካው ብልጠቱ ሁሉ ጠፋበት።

«ኧረ የጎሽ ያለህ! ድረሱልኝ!»

ጎሹ ከላይ ሆኖ አየውና፣ «ቃጭሉ አልጮኸም» አለ።

ውኃው አንገቱ ላይ ሲደርስ አወጡት። በማግስቱ ቀበሮ ራሱ ቡሊት ደጃፍ ሄዶ፣ «እንዴት ላድርገው?» ብሎ ጠየቃት። ቀዩ ክብ ለአፍንጫ የሚታወቅ ጉብታ ይኑረው፣ ሲነካም ስሙን ይናገር አለችው። ኤሊ ዝቅ አድርጉልኝ አለች። ጆሮዋ የማይሰማው ጅግራ ደግሞ መብራቱን እንዳትነኩብኝ ብላ ለመነች። አንበሳም፣ አህያ ስታናፋ የሰማ ጎሽ ቃጭል ሳይጠብቅ ይሩጥ ሲል አወጀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአካል ጉዳተኛ የተሠራ በር ራሱ አካል ጉዳተኛው ሞክሮ ካልከፈተው፣ ቁልፉ ጅብ እጅ እንደሚቀር ነው።