ባታንጋስ ላይ የተሳቀበት አማች

ዱባይ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች፣ አንድ ሰው በባዕድ ቋንቋ ተሳስቶ ሲሸማቀቅ ባዩ ቁጥር የሚሉት አባባል አለ። ብዙው ሰው ከቅድመ አያት የወረደ ይመስለዋል። እንደሚተረከው ግን አባባሉ የወጣው ከአገራችን እጅግ ርቆ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ባታንጋስ በሚባል አውራጃ፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። የነገሩ ባለቤትም ተካልኝ የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር።

ተካልኝ ዱባይ፣ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሲሠራ ከማሪሰል ጋር ተዋወቀ። ማሪሰል ፊሊፒናዊት ናት፤ እዚያው ሆቴል ኬክ ትጋግራለች። የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነበር። ሦስት ዓመት ተዋደው ለመጋባት ሲወስኑ ማሪሰል ለአባቷ ደውላ ነገረቻቸው። አባቷ ማንግ ኔስቶር ይባላሉ፤ «ማንግ» በእነሱ ዘንድ እንደ እኛ «ጋሽ» ነው። ሲያዳምጡ ቆዩና እንዲህ አሉ፦

«ይምጣ። ግን በገዛ አፉ፣ በእኛው በታጋሎግ ይጠይቀኝ። አንቺ እንዳታስተረጉሚለት። በእንግሊዝኛ ከጀመረኝ ነገሩ እዚያው አበቃ።»

ይህን ያሉት ከክፋት አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው ለባዕድ አገር ሰው ተድራ ሄዳለች። የልጅ ልጆቻቸው በስልክ ሲደውሉ አያትና ልጆች በምስል እየተያዩ ዝም ይባባላሉ፤ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ሁለተኛዋንም እንደዚያ ማጣት አልፈለጉም።

ተካልኝ ሰባት ወር ሙሉ ታጋሎግ አጠና። «አንቱ» ለማለት «ፖ» የምትባል ቃል ጣል ማድረግ እንደሚበቃ ሲሰማ ቀለለው፤ አክብሮትማ ከእናቱ ቤት ይዞት የወጣ ነው። ያስጨነቀችው የጥያቄዋ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ጉስቶ ኮ ፖንግ ማጊንግ አሳዋ ናንግ አናክ ኒንዮ።» የልጅዎ ባል መሆን እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሽንኩርት ሲከትፍ ይላታል፤ አውቶቡስ ውስጥ ይላታል፤ ጸጉሩን ሲቆረጥ ይላታል። አንዳንዴ እንቅልፉ ውስጥ «ኒንዮ» ላይ ይደርስና ባንኖ ይነሣል።

ያለ ሽማግሌ ሚስት አይጠየቅምና ጋሽ በላቸውን ይዞ ሄደ። ጋሽ በላቸው የአባቱ ጓደኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአሰብ ተነሥተው በመርከብ ስንቱን ወደብ የዞሩ፣ ኋላም ዱባይ የቀሩ። ታጋሎግ ግን አንዲት ቃል አያውቁም።

አውሮፕላን ውስጥ ተካልኝ ዓይኑን አልከደነም።

«ጋሼ፣ ቃሉ ቢጠፋብኝስ?»

«ትፈልገዋለሃ።»

«ጊዜ ባይሰጡኝስ?»

«ልጄ፣ እስኪ ልተኛ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

መንደሩ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነበር። ገና አጥሩን ሳይሻገሩ አንድ ቀይ ውሻ እየጮኸ ተንደርድሮ ወጣባቸው። ተካልኝ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሻ ይፈራል። የቤቱ ሰው ሁሉ «አሶ! አሶ!» እያለ ተንጫጫ። «አሶ» ውሻ ማለት ነው። ቀድማቸው የመጣችው ማሪሰል ወጥታ ውሻውን አሰረችው። ተካልኝ ግን ወንበር ላይ ከተቀመጠም በኋላ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

ቤቱ በአክስቶችና በጎረቤት ተሞልቷል። ማንግ ኔስቶር ጨውና ገመድ ያሻከረው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ማሪሰል ከአክስቶቿ መካከል ተቀምጣ ከንፈሯን ነክሳለች። ለጋሽ በላቸው የኮኮናት ውኃ ተሰጥቷቸው ይጠጣሉ። ተካልኝ በወጉ ብድግ አለ፤ አፉን ከፈተ። የሰባት ወሩ ጥናት እንዳለ በረረበት! ጆሮው ውስጥ የቀረው ያ ጫጫታ ብቻ ነው። እንደ ምንም ብሎ፣

«ጉስቶ ኮ ፖንግ ማጊንግ... አሶ ናንግ አናክ ኒንዮ!» አለ።

የልጅዎ ውሻ መሆን እፈልጋለሁ ማለቱ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አንዷ አክስት እያጨበጨበች ተንከተከተች። ሌላዋ በመስኮት ብቅ ብላ ጎረቤቷን «ኑ፣ ታጋሎግ ሲናገር ስሙት!» ብላ ተጣራች። ሦስተኛዋ ያዘነችለት መስሏት በእንግሊዝኛ «ጎበዝ ነህ፣ ግድ የለም፣ በእንግሊዝኛ ንገረን» አለችው። ማንግ ኔስቶር ራሳቸው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

ተካልኝ ምን እንዳለ የገባው ያን ጊዜ ነው። ውሻ! ባደገበት አገር ሰው ሰውን እንዲህ ካለው ያደባድባል፤ እሱ ደግሞ ራሱን በገዛ አፉ ውሻ አለ። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ በሚጠየቅበት ቤት ይሳቃል እንዴ? በእንግሊዝኛ ተናገር ማለታቸውስ አበቃልህ፣ ሂድ ማለት አይደለም? ፊቱ ጋለ።

«ጋሼ፣ ይነሡ እንሂድ። አሾፉብን።»

ጋሽ በላቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። «ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይነሣም» አሉና የኮኮናት ውኃቸውን ጨለጡ።

ተካልኝ ብቻውን ወጣ። ማሪሰል ልትከተለው ስትነሣ አባቷ በእጃቸው አስቀመጧትና ራሳቸው ተነሡ።

መንገዱ ዳር፣ ወደ ከተማ የምትመልሰውን መኪና ሲጠብቅ ደረሱበት። ሲቸኩሉ አንድ እግር ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። ተካልኝ ዞር አለ። ተናዶ ስለነበር ሰዋስው ትዝ አላለውም፤ ያገኘውን የታጋሎግ ቃል ሁሉ እንደ ድንጋይ ወረወረው።

«ለምን ሳቅ? እኔ ሰው! እኔ ብዙ ማፈር። ሰባት ወር ማጥናት። እኔ ልጅዎ መውደድ። እርስዎ መሳቅ!»

ማንግ ኔስቶር ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ እንዲገባው ብለው፣ ቃል በቃል፣ ቀስ እያሉ ተናገሩ።

«ትልቋ ልጄ ባል አላት።»

«አውቃለሁ።»

«ሰባት ዓመት እዚህ ቤት ተመላልሷል። አንድ ቀን ስቀንበት አናውቅም።»

«እሱ ጎበዝ መናገር?»

«አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ምኑ ላይ እንስቃለን?» አሉና የተካልኝን ክንድ ያዙ። «ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ስልኩን ያያል። እኔም ከፊቱ እንደ ዕቃ እቀመጣለሁ። አንተ ዛሬ ቤቴን አሳቅኸው። እህቶቼ ያጨበጨቡት ደስ ብሏቸው ነው። ባዕድ ሰው ቋንቋችንን ሲሞክር አያስችለንም፣ እንስቃለን። ደግሞ እስኪ ልብ በል፤ አሁን በምን ቋንቋ እያወራን ነው?»

ተካልኝን ከተባለው ግማሹ አምልጦታል፤ የመጨረሻዋ ጥያቄ ግን አላመለጠችውም። እውነትም እንግሊዝኛ አልነበረም። የምትመልሰው መኪና መጥታ ቆመችለት፤ በእጁ ሂጂ አላት። የሽማግሌውን ጫማ ከመንገድ ላይ አንሥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠና አብረው ተመለሱ።

ቤት ውስጥ አክስቶቹ ደንግጠዋል፤ የማሪሰል ዓይን ቀልቷል። ተካልኝ ዳግመኛ ቆመ።

«ጉስቶ ኮ ፖንግ ማጊንግ...» አለና ቆም አለ። «...አሳዋ ናንግ አናክ ኒንዮ።»

አነጋገሩ ለጆሯቸው እንግዳ ነበርና አንዷ አክስት አሁንም አልቻለችም፤ አፏን ሸፍና ፍርፍር አለች። ተካልኝ አያት፤ ይህን ጊዜ እሱም ሳቀ። ማንግ ኔስቶር ከወንበራቸው ተነሥተው «ኦኦ» አሉ። እሺ ማለት ነው። ማሪሰል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ምግብ ሲቀርብ ተካልኝ ወደ ጋሽ በላቸው ጠጋ ብሎ፣

«ጋሼ፣ አንድም ቃል ሳይገባዎት፣ እኔ እንዲያ ተዋርጄ ስወጣ እንዴት አስችሎዎት ተቀመጡ?» አላቸው።

ሽማግሌው ሳህናቸው ላይ ሩዝ እየጨመሩ፣ «እኔ ስዋሂሊውን ሞምባሳ፣ ዓረብኛውን ኤደን ስለምድ ወደቡ በሙሉ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቅብኝ፤ እና ልጄ፣ ያልተሳቀበት አፍ አይፈታም» አሉት።