እርሙን ያውጣ

በአንድ ወቅት፣ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ አገሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሚወጣባት ከተማ፣ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። የሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ስትሞት ደህና አድርገው እንዲያለቅሱላት አደራ ትል ነበር። ሦስት ልጆቿ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ አራተኛው አጥናፉ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎትም ከእሷ ጋር ይኖራል። ሐኪም ኦቲዝም ነው ብሏታል፤ ሰፈሩ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ እርግማን ነው ብሎ ጨርሷል። አጥናፉ ብዙ አይናገርም፣ ጩኸት ያመዋል። ማታ ማታ የእናቱን ጫማ ደጃፉ ላይ አስተካክሎ ያስቀምጥላታል።

ዘርፌ ልትሞት ስትል፣ አጥናፉን ከሁላችሁ ይበልጥ ያወቀው ይውሰደው ብላ ተናዘዘች። ሦስቱም ይወዱታል፤ ሦስቱም በልባቸው እኔ ነኝ አሉ።

ሴት ልጇ አስካለ እናቷ ስታርፍ ምንም አልተሰማትም። ደነዘዘች። ለቅሶው ሲጀመር እንባዬ ይመጣል ብላ ጠበቀች።

ታላቁ ደምሴ ድንኳን ሳይተከል አጥናፉን ወደ ቤቱ ወሰደው። ዋይታው እንዳያመው፣ ሰውም እንዳይጠቋቆምበት ብሎ ነው። አጥናፉ እዚያ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ ወዴት እንደሄደች የነገረው ግን አልነበረም።

አስካለ ይህን ስትሰማ ሄዳ አመጣችው። «እሱም ልጇ ነው፤ እርሙን ያውጣ» አለች። ሬሳው ሳይገነዝ የእናቱን ፊት አሳየችው፤ እሱም ግንባሯን በመዳፉ ነካ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠችው። አልቃሿ ድምፅዋን ስታነሳና ዋይታው ሲቀልጥ፣ አጥናፉ ጆሮውን ይዞ ራሱን ከምሰሶው ጋር ያጋጭ ጀመር። ግንባሩ ደማ። ሰዉም ይኸው እርግማኑ እያለ ሸሸ።

ይሄኔ ከሦስቱ ትንሹ ውብእሸት ተነሣ። «ስለ ወንድሜ ብላችሁ፣ እናታችንን በዝምታ እንቅበራት» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፣ አልቃሿም ተቀይማ ሄደች፤ የቀረው ግን ዝም አለ። አጥናፉ እስከ መቃብሩ በእግሩ ሄዶ አፈር አለበሳት። ዕድሜዋን ለሰው ስታለቅስ የኖረችው ዘርፌም ያለ ለቅሶ ተቀበረች። አስካለ የጠበቀችው እንባ ሳይመጣ ቀረ።

በሰልስቱ ልጆቹ ሊመካከሩ ተቀመጡ። አመሻሽ ላይ አጥናፉ ተነሥቶ የእናቱን ጫማ አመጣና እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው።

ደምሴ፣ አጥናፉ ሞት አልገባውም አለ፤ ከእኔ ጋር ቢቆይ ኖሮ ግንባሩም ባልደማ አለ። ውብእሸት ገብቶታል አለ፤ ሐዘኑ ይኸው ነው፣ ጸጥታ ብቻ ስጡት አለ። አስካለ የእናታችንን ፊት ያሳየሁት እኔ ነኝ ልትል ፈለገችና ተወችው። አጥናፉ ከእሷ ጋር ቢኖር እንባዋ አንድ ቀን የሚመጣ ይመስላታል። ይህን ደግሞ ለማን ትናገራለች? ሄዳ ከጫማው አጠገብ ተቀመጠች።

ለማስተዛዘን የመጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አጥናፉን ራሱን ማንም እንዳልጠየቀው ያዩ ኖሯል።

«አጥናፉ፣ ከማን ጋር ትሄዳለህ ልጄ?» አሉት።

እሱ ወደ ደጃፉ አየ። «ጫማዋ እዚህ ነው» አለ።

 ከሦስቱ አንዱ ከሥቃይ ሊያድነው ብሎ ስንብቱን ነሳው፤ አንዷ ስንብቱን ልትሰጠው ብላ አደማችው፤ አንዱ ስንብቱንም ጸጥታውንም አገኘለት፣ የእናታቸውን ለቅሶ ግን አስቀረ። ኑዛዜው እንደሆነ ይበልጥ ያወቀው ይውሰደው ነው የሚለው። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ አጥናፉን ይበልጥ ያወቀው ማን ነው?