ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ማዘዝ የሚወዱ አንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አንድ ቀን፣ «ሦስት ወር ያልተሠራበት የሶፍትዌር ፈቃድ ሁሉ ከየኮምፒውተሩ ተነስቶ ለሚሠራበት ሰው ይሰጥ!» ብለው አዘዙ። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ግን ማንሳቱን ከእሳቸው ጀመረች።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ጮኹባት። «የእኔን ትነኪ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ደብዳቤ ስጽፍበት ነበር! አሁኑኑ መልሺ፤ አለዚያ ከሥራ ተባረሻል!»

«ጌታዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ኮምፒውተርዎን ለጥገና የወሰድነው አምና ነው፤ እስካሁን አልተመለሰም። ጠረጴዛዎ ባዶ እንዳይመስል ጸሐፊዎ ካርቶን አስቀምጣ የኮምፒውተሩን ዳንቴል አለበሰችው። ጠዋት የጻፉት በእሱ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ካርቶን ፈቃድ አያስፈልገውም።»