በእንስራ የታሸገው እሳት

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ መቼ እንደጀመረ በተረሳበት በነሐሴ ወር፣ ቦራ የሚባል ውርንጭላ ወንዝ ሲሻገር ውኃ ጣለው። እናቱ አህያ ማጅራቱን በጥርሷ ይዛ ጎትታ አወጣችው። አወጣችው እንጂ ልጁ መንቀጥቀጡን አልተወም። ላሰችው፣ በሆዷ ከለለችው፣ ወይ ፍንክች! ጆሮዎቹ እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል።

«ጌታ ሆይ፣ እሳት ካላገኘሁለት ልጄ አይተርፍም» አለች።

በዚያ ሸለቆ እሳት ያለው አንድ ጅብ ብቻ ነበር። መብረቅ የመታው ወይራ ሲነድ አግኝቶ፣ ጉማጁን እየጎተተ ዋሻው አስገብቶታል። ጅብ ጎረቤት የሚሆነው ሆዱ የሞላ ዕለት ነው፤ አህያዋ ይህን ታውቃለች። ጠዋት በግ መብላቱን ባትሰማ ኖሮ በደጁም ባላለፈች። ልጇን ከአለት ሥር አስጠልላ ሄደች።

ስትደርስ ቀበሮ ቀድማታለች። ጅቡ እሳቱ ዳር ተጋድሟል፤ ቀበሮዋ ደግሞ ዓይኗን ከተረፈው የበግ ቅልጥም ሳትነቅል ታጫውተዋለች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋልክ? እሳት ልጭር መጥቼ ነበር፤ ልጄ በብርድ ሊሞትብኝ ነው» አለች አህያዋ ከሩቅ ቆማ።

«ለአንቺ ፍም ከሰጠሁ ነገ አገሩ ሁሉ ሊመጣ ነው። ያልቅብኛል!»

«ያልቃል እንጂ!» አለች ቀበሮዋ ጣልቃ ገብታ። «አያ ጅቦ ይሙት፣ ሙቀቱ እኮ ያለው እንጨቱ ሆድ ውስጥ ነው። ነፋሱ በበሩ እየገባ ይሰርቅሃል። ጭሱን አታየውም? ተሸክሞት ሲሄድ ነው!»

ጅቡ ብድግ አለ። «ወይ ሌባ! ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ያን እንስራ አምጣ። ፍሙንም እንጨቱንም ክተትበትና አፉን በጭቃ ምረገው። ክረምቱን ሙሉ አቅፈኸው ስትሞቅ ትከርማለህ። ለምክሬ ግን ያቺን ቅልጥም…»

«ውሰጃት!»

እንስራው ጅቡ ጠላ ሸቶት ከመንደር ሰርቆ ያመጣው ነው። አህያዋ «ኧረ አንዲት ፍም ብቻ!» ብትል ማን ሰምቷት? ጅቡ መዳፉን እየተለበለበ፣ እየተራገመ፣ እሳቱን እንስራው ውስጥ ጠቀጠቀና መረገው። ጭቃው ሳይደርቅ ቀበሮዋ ቅልጥሟን በጥርሷ ይዛ ዳገቱን አልፋ ነበር።

አህያዋ ባዶ አፏን ወደ ልጇ ተመለሰች። ቦራ አሁን መንቀጥቀጡንም ትቶታል።

«እማ፣ እሳቱ እምቢ አለሽ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እምቢ ያለውስ እሳቱ አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ሌላ መሄጃ አልነበራትም። በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ትንሽ እያሳረፈች፣ ልጇን ይዛ ተመልሳ ወደ ዋሻው ወጣች።

ጅቡ እንስራውን አቅፎ ጥርሱን ያንገጫግጫል።

«ምን ሆንክ፣ አያ ጅቦ?»

«አልሞቅ አለኝ! መጀመሪያስ ሞቆኝ ነበር…» የጭቃውን ምርጊት በጥፍሩ ፈልፍሎ ከፈተው። ውስጡ ጨለማ ነው። እንጨቱ ሳያልቅ ቁጭ ብሏል፤ እሳቱ ግን የለም።

«እንጨቱ ይኸው! ሙቀቱ የታለ?» ጠቁሮ ከቀረው ጉማጅ ቁራሽ አነሳና ቀረጠፈው። «ሆዱ ውስጥ ነው ብላኛለች!» አላመጠ፣ ዋጠ፣ ይሞቀኛል ብሎ ጠበቀ። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ምላሱ ጠቆረ፣ ብርዱ ግን ጭራሽ ባሰበት። አህያዋን በዚያ ጭንቀቷ መሀል ሳቅ አመለጣት።

«ትስቂያለሽ? እንግዲያው ስሚ፤ ሆዴ መጉደል ጀምሯል። እሳቱን ካስነሳሽው ሙቁ። ካላስነሳሽው ይሄ ውርንጭላ ለራቴ ይበቃኛል።»

አህያዋ እሳቱ ቀድሞ በነበረበት ምድጃ ላይ አንገቷን ደፋችና «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። አመዱ ቡን አለ። ከሥሩ ጅቡ ሳያያት የቀረች አንዲት ፍም ቀላች።

ደንግጣ ትንፋሿን ዋጠች። ፍሟ ደበዘዘች። ተነፈሰች፤ ቀላች። ዋጠች፤ ደበዘዘች።

«አሃ!»

የተረፈውን ጉማጅ ከእንስራው ጎትታ ፍሟ ላይ አስጠጋችና፣ አገር የሚያውቀውን የአህያ ድምፅ ለቀቀችው። የአንጥረኛ ወናፍ እንደዚያ አይነፋም! እሳቱ ቦግ አለ።

ጅቡ ወደ ኋላ ዘለለ። «ከየት አመጣሽው? እንጨቱ ውስጥ ነበር ወይስ ሆድሽ ውስጥ?»

«ለብቻው የትም አልነበረም፣ አያ ጅቦ። ሰርግ ታውቃለህ?»

«አጥንቱን አውቀዋለሁ።»

«በቃ፣ እንጨቱ ሙሽራ ነው፤ አየር ደግሞ ሙሽሪት ናት። ሙቀቱ ሁለቱ ሲገናኙ የሚመጣው ጭፈራ ነው። ቀበሮ ይሰርቅሃል ያለችህ ነፋስ እኮ ሙሽሪቷ ነበረች፤ አንተ በሩን በጭቃ መረግህባት።»

ጅቡ አሰበ። ማሰቡ ሲያደክመው ተወው። «ገባኝ። አሁን እሳቱ ስለነደደ ልብላችሁ።»

አህያዋ በልጇና በጅቡ መሀል ገብታ ቆመች። «ብላን። ግን እሳቱ ሲደክም ማን ይተነፍስለታል?»

«እኔ ነኛ!» ጅቡ ምድጃው ላይ ተደፍቶ ባለ በሌለ ኃይሉ እፍ አለ። አመዱ ፊቱን ሞላው። ዓይኑን እያሸ፣ እያስነጠሰ፣ «እሺ እሺ፣ ለዛሬ ይቅር፤ ንፊ!» አለ።

ነፋች። የቦራ ጆሮዎች ሞቁ፤ ቀጥሎ እግሮቹ ታዘዙለት። «እማ፣ እኔም ልተንፍስለት?» አለና እፍ ሲል፣ ነበልባሉ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘለት።

ዝናቡ ሲያባራ እናትና ልጅ እየተቻኮሉ ወጡ። ጅቡ አልተከተላቸውም፤ ሥራ በዝቶበታል። የዋሻውን በር በሙሉ ሰውነቱ ደፍኖ፣ አፉን ከፍቶ ነፋሱን ይነክሳል።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አያ ጅቦ?» አለው ቦራ ከሩቅ።

«ሙሽሪቷን ለብቻዬ ልይዛት ነው!»

ከጀርባው እሳቱ እየደበዘዘ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ እሳት የሚያሞቀው እንጨትና አየር ሲገናኙ እንደሆነ ሁሉ፣ ለብቻችን ብለን አፍነን የያዝነው ነገር እኛንም እንደማያሞቀን ነው።