የቡሬን ፋጉሎ ማን በላው?

አንድ በሬ አድላቢ ነጋዴ ነበር። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ገበያ፣ እኩያ የሆኑ ሁለት በሬዎች ገዛና ለሠራተኛው ለይመር አስረከበ። አንዱ ዳማ፣ ሌላው ቡሬ ይባላሉ።

ይመር ሥራውን ያውቃል። ጠዋትና ማታ ፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን በአንድ ጣሳ እየሰፈረ ለሁለቱም እኩል ያቀርባል። ሦስት ወር ሞላ። ዳማ ጀርባው እንደ አልጋ ተንጣለለ። ቡሬ ግን ያንኑ እየበላ የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል።

ይመር ደግሞ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ በቀን አንዴ በልቶ የሚያድር ቦርጫም ነው። ነጋዴው ቡሬን አየ፤ ቀጥሎ የይመርን ሆድ አየ፤ በቃ፣ ፈረደ።

በገበያ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «የቡሬ ፋጉሎ ተሸጦ የት እንደገባ ላሳያችሁ? ይኸውላችሁ!» ብሎ የይመርን ሆድ በዱላው ነካ ነካ አደረገው። ዱላውና የያዘው የነጋዴው ክንድ ቅጥነታቸው አንድ ነው። ገበያው በሳቅ አውካካ።

ይመር ለስሙ ፈራ። መባረሩን ይችለዋል፤ አንዴ ሌባ ከተባለ ግን በዚያ አገር በረቱን አምኖ የሚሰጠው አይኖርም።

«ጋሼ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ አንዲት ጣሳ አላጎደልኩም።»

«ሆድህ እየመሰከረብህ?»

ዕድሜያቸውን በከብት ገበያ የጨረሱ አባ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ጠጋ ብለው የቡሬን ጎን ዳሰሱ። «ልጄ፣ የበረቱን ቁልፍ አንተ ያዝና አርባ ቀን በገዛ እጅህ አብላው። ከሰባ፣ ይመርን እኔው ራሴ ሌባ እለዋለሁ» አሉ።

ነጋዴው እልኸኛ ነው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አርባ ቀን አበላ። ለቡሬማ ጣሳ ጨመረለት። ቡሬ ገንዳውን ሙልጭ ያደርጋል፤ ጎኑ ግን ያው ነው። ይመርም አርባ ቀን በረቱን ሳይረግጥ ሰነበተ፤ ሆዱ ንቅንቅ አላለም።

ነጋዴው ሽማግሌው ዘንድ ሄደ። «አባ፣ ይሄ በሬ የሚበላው የት ነው የሚገባው?»

«እሱን ተወውና፣ አንተ በቀን ስንቴ ትበላለህ?»

«ሦስቴ። ሲያሰኘኝ አራቴ።»

አባ እንድሪስ ቀጭን ክንዱን ይዘው ከፍ አደረጉት። «ታዲያ ያንተን ማነው የሚሰርቅብህ?»

ነጋዴው ክንዱን አየ። አባቱም እንዲሁ ነበሩ፤ ሙሉ ገበታ ጨርሰው ቀበቷቸው የማይጠብቅ።

«የቡሬን እናት አውቃታለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ለምለም ሣር ውስጥ ከርማም ጎኗ አይሞላም ነበር። የዳማ እናት ደግሞ በድርቁ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ባጠራቀመችው ስብ ነው የተረፈችው። መኖ ሳይበላ የሚሰባ የለም። ከበላው ስንቱን እንደሚያስቀምጥ፣ ስንቱን እንደሚያቃጥል ግን ሰውነቱ ከእናት ከአባቱ ይዞት ይወለዳል።»

በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴው እዚያው ቦታ ቆመ። «ሰዎች፣ ይመር አልሰረቀም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለና ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠው።

ይመር ቁልፉን ተቀበለ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ቡሬን ለቢላዋ አይመኙት። ለእርሻ ይስጡት፤ ዳገት አይፈራም» አለ።

ወዳጄ፣ ሰውነት ከምንበላው ብቻ አይሠራም፤ ከዘርም ይወረሳል። ስለዚህ ሆድ አይቶ ሆዳም፣ አጥንት አይቶ ንፉግ ማለት ፍርድ አይደለም። አንተስ፣ ስንቱን ሰው በረቱን ሳታይ ፈርደህበታል?